ፋይንበርግና ተገኘ፦ የሀደራ የቤተሰብ ስሞች ከየት መጡ?

«ፋይንበርግ» ከሁለት የጀርመንኛ ቃላት የተገጠመ የቤተሰብ ስም ነው። «ፋይን» ያማረ፣ የጠራ ማለት ሲሆን «በርግ» ደግሞ ተራራ ነው። በእስራኤሏ ከተማ በሀደራ ይህ ስም ከከተማዋ ምሥረታ ጋር አብሮ ይነሳል፤ በእሱ የሚጠራ ታሪካዊ ቤትም አለ። በዚችው ከተማ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ መግቢያ የተደረደሩትን የፖስታ ሳጥኖች ያየ ሰው፣ ፍሪድማንና ሮዘንበርግ ከሚሉት አጠገብ ተገኘ፣ ካሳ፣ ወርቁ፣ ታደሰ የሚሉ ስሞችን በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፈው ያገኛል። የመጀመሪያዎቹን ጥንታዊና እውነተኛ የቤተሰብ ስም፣ ከኢትዮጵያ የመጣነውን የቤተ እስራኤላውያንን ስሞች ግን ኤርፖርት ላይ በችኮላ የተለጠፉ አድርገው የሚያስቡ ልጆች አሉን። ተሳስተዋል። የሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ መንግሥት መዝገብ ከፈተ፣ ጸሐፊ ጠየቀ፣ ሰው መለሰ።

የአውሮፓ አይሁድ፣ በተለይም የምሥራቁና የመካከለኛው አውሮፓ አሽከናዞች፣ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ አብዛኞቹ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነበር፤ ሙሴ የመንደል ልጅ፣ ያዕቆብ የይስሐቅ ልጅ እየተባለ። ይህ ከጎንደርም ሆነ ከትግራይ ለመጣ ሰው ምንም ማብራሪያ የማይሻ አጠራር ነው፤ እኛም እስከ ትናንት ድረስ የምንጠራው እንዲሁ ነበር። ለውጡን ያመጣው የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ነው። በ1787 ባወጣው አዋጅ በግዛቱ ያሉ አይሁድ ሁሉ ከጥር 1 ቀን 1788 ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጀርመንኛ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዘ። ሩሲያ በ1804፣ ናፖሊዮን በ1808፣ ፕሩሲያ በ1812 ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ነገሥታቱ ይህን ያደረጉት ለአይሁድ ማንነት ተጨንቀው አልነበረም። ግብር ከፋዩን መቁጠር፣ ለውትድርና የሚመለመለውን ወጣት ከመዝገብ መለየት፣ በፍርድ ቤት ባለዕዳውን በስሙ ማግኘት ፈልገው ነው። «ያዕቆብ የይስሐቅ ልጅ» በአንድ ከተማ አርባ ሊሆን ይችላል።

ስሙ ግን ከየት ይምጣ? የቸገረው ሁሉ ቅርቡ ያለውን ያዘ። ልብስ ሰፊው ሽናይደር፣ ነጋዴው ካውፍማን ተባለ። ከቪየና የመጣው ቪነር፣ ከበርሊን የመጣው በርሊነር ሆነ። አንዳንዱ በቤቱ በር ላይ ከተሰቀለው ምልክት ወሰደ። በፍራንክፈርት የአይሁድ ሰፈር ይኖሩ የነበሩት የሮትሽልድ ቤተሰቦች ስማቸው «ቀይ ጋሻ» ማለት ነው፤ የቀድሞ አባቶቻቸው ይኖሩበት ከነበረው ቤት ምልክት የተገኘ ሲሆን፣ ከአዋጁ በፊት ከያዙት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ሌላው የአባቱን ስም እንዳለ አጸናው። ፈላስፋው ሙሴ መንደልሶን የመንደል ልጅ ስለሆነ ነው መንደልሶን የተባለው፤ «ሶን» በጀርመንኛ ልጅ ነው። ከጀርመንኛ ስሞች ሁሉ ለእኛ የቀረበ ይህ ነው።

ከእነዚህ የተለየ አንድ ትልቅ ክፍል አለ፤ ፋይንበርግም የዚያ ወገን ነው። ጎልድበርግ፣ ሮዘንበርግ፣ ግሪንበርግ፣ ፋይንበርግ... የወርቅ ተራራ፣ የጽጌረዳ ተራራ፣ አረንጓዴ ተራራ፣ ያማረ ተራራ። አጥኚዎች እነዚህን የጌጥ ስሞች ይሏቸዋል፤ ለጆሮ ስለሚጥሙ ብቻ ተገጣጥመው የተሠሩ ናቸው። ተራራው የትም የለም። ገንዘብ ለሰጠ ያማረ ስም፣ ላልሰጠ አስቀያሚ ስም ይሰጥ ነበር የሚል ወሬ በስፋት ይነገራል፤ የስም አጥኚዎች ግን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። የማያጠራጥረው፣ ፋይንበርግ የሚባሉ ሁሉ ዘመድ አለመሆናቸው ነው። በሊትዌኒያም፣ በቤላሩስም፣ በዩክሬንም ያሉ ቤተሰቦች አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ ይህን ስም መርጠዋል። የቤተሰብ ስም የዘር ማስረጃ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ልብ ቢል መልካም ነው።

ወደ ሀደራ የመጡት ፋይንበርጎች ከሩሲያ ግዛት ናቸው። እስራኤል ፋይንበርግ በ1882 ሪሾን ለጽዮንን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ ኋላ ገዴራ ኖሮ ወደ ሀደራ ተሻገረ። ባለቤቱ ፋኒ ቤልኪንድ ኦልጋ የምትባል እኅት ነበረቻት። ኦልጋን ያገባው የሹዓ ሃንኪን ደግሞ የሀደራን መሬት የገዛው ሰው ነው፤ ዛሬ በባሕሩ ዳር ያለው ሰፈር ጊቫት ኦልጋ የተባለውም በእሷ ስም ነው። ከተማዋ በ1891 ስትቆረቆር ሰፋሪዎቹ የተጠለሉት በአሮጌ የመንገደኞች ማደሪያ (ካን) ውስጥ ነበር፤ ያ ካን አሁን ሙዚየም ሆኗል። ቦታው ረግረግ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አሥርተ ዓመታት ከ200 በላይ ሰፋሪዎችን ወባ ጨርሷቸዋል። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ የተቆፈረውና ባሕር ዛፍ የተተከለው በባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ገንዘብ ነው። በ1890ዎቹ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባም ገብቶ በምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግርን አቃሏል፤ ስለዚህ በሀደራ ጫካ ሲያልፉ የእንጦጦ ሽታ የሚመጣባቸው እናቶች አፍንጫቸው አላታለላቸውም።

የእስራኤልና የፋኒ ልጅ አቭሻሎም ፋይንበርግ በ1889 ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ኒሊ የተባለውን ቱርክን የሚሰልል ቡድን ከአሮን አሮንሶን ጋር አቋቋመ። በጥር 1917 በሲና በረሃ አድርጎ ወደ ግብፅ ሲሻገር ራፋህ አጠገብ ተገደለ። አፅሙ የተገኘው ከስድስቱ ቀን ጦርነት በኋላ በ1967 ሲሆን፣ ከላዩ የተምር ዛፍ በቅሎ ነበር፤ ዛፉ የበቀለው በኪሱ ከያዘው ተምር ነው ይባላል። ለመዝገብ ሲባል የተፈጠረ የጌጥ ስም ሰው ሲሞትለት እንዲህ ሥጋና ደም ይለብሳል። ፋይንበርግን በሀደራ ትልቅ ያደረገው የተሸከመው ቤተሰብ ነው፤ ጀርመንኛው ትርጉም እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ የለውም።

ጀርመንኛ የቤተሰብ ስም ከኢትዮጵያ ደም ጋርም ተገናኝቶ ያውቃል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለው ጋፋት መድፍ ይሠሩ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሞሪትዝ ሃል ነው፤ ከፖላንድ የመጣ፣ ከአይሁድ የተወለደና ወደ ፕሮቴስታንት የገባ ሰው ነበር። ያገባት ወለተ ኢየሱስ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ ናት። ከመቅደላው ጦርነት በኋላ ቤተሰቡ ያፋ ሄዶ ተቀመጠ። ልጃቸው ማግዳሌና ሃል፣ ኡስቲኖቭ የተባለ ሩሲያዊ ባላባት አገባች፤ ስመ ጥሩው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። ያማርኛ ስም በሦስት ትውልድ ውስጥ ከቤተሰቡ ወረቀት ላይ ጠፋ። ሃል የሚለው ግን ጸንቶ ቆየ፤ የቤተሰብ ስም የሚያስቀረው የወንዱን መስመር ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ሲገቡ፣ እያንዳንዱ ሰው ከመዝጋቢ ፊት ቀረበ። በእስራኤል መታወቂያ ወረቀት (ቴውዳት ዜሁት) ላይ ሁለት ባዶ ቦታ አለ፤ አንዱ ለስም፣ ሌላው ለሚሽፓሃ፣ ማለትም ለቤተሰብ። «ሼም ሚሽፓሃ?» (የቤተሰብ ስም?) ለሚለው ጥያቄ ካገራችን ያመጣነው መልስ አልነበረንም። እርግጥ የ1960ው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ደንግጓል፤ ግን ድንጋጌው በወረቀት ቀረ እንጂ አንድ ገበሬ እንኳ በቤተሰብ ስም ተጠርቶ አያውቅም። ስለዚህ አባወራው የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ተናገረ፤ የተናገረው ተጻፈ፤ የተጻፈው ለሚስት፣ ለልጅና ለልጅ ልጅ ሁሉ ስም ሆነ።

ውጤቱን ሁላችንም በየቤታችን እናየዋለን። በተለያየ ጊዜ የገቡ የአንድ እናትና አባት ልጆች፣ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ስላስመዘገበ፣ በወረቀት ባዳ ሆነዋል። ባል ሞቶባት ለብቻዋ የገባች ሴት የራሷ አባት ስም የልጆቿ ቤተሰብ ስም ሆኗል። በሌላ በኩል በአንድ ክፍል የሚማሩ ሁለት ልጆች ታደሰ ስለተባሉ መምህራቸው ወንድማማች ይመስሏታል፤ የአንዱ አያት ከወገራ፣ የሌላው ከሽሬ ናቸው። ለሽማግሌዎችና ለቄሶች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ጋብቻ ሲመጣ ዝምድናን የሚያጣሩት እነሱ ናቸውና። አጻጻፉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለበት። ተገኘ በዕብራይስጥ ሲጻፍ በ«ኘ» ፈንታ ሌሎች ፊደላት ስለሚገቡ አንባቢው «ቴጋንያ» ይለዋል፤ ልጁም ቀስ በቀስ ራሱን እንዲያ ብሎ ማስተዋወቅ ይጀምራል።

ሆኖም ትርጉሙን ልብ በሉ። ካሳ የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የተወለደው ከእሱ በፊት ልጅ በሞተበት ቤት ነው፤ እግዚአብሔር ካሰን ብለው ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነው። ምትኩም እንዲሁ፣ ማስረሻም እንዲሁ። ተገኘ ተፈልጎ፣ ተለምኖ የተገኘ ነው። ዛሬ በሀደራ አንዲት ወጣት ወታደር «ካሳ» የሚል የቤተሰብ ስም ይዛ ስትሄድ፣ የአንዲት የጎንደር እናት የዛሬ ሰማንያ ወይም መቶ ዓመት ያፈሰሰችው እንባና ያገኘችው መጽናኛ አብሯት እየሄደ ነው። የጌጥ ስም ይህ የለውም። ያማረ ተራራ ማለት ደስ ይላል፤ ካሳ ማለት ግን የሆነ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ስማችን ዕጣ ከዚህ የከፋ ነበር። በሰማንያዎቹ ዓመታት ብዙ ልጆች ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወይም ከስደተኞች መቀበያ ማዕከል (መርካዝ ክሊታ) ዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው ወጡ፤ ወርቅነሽ ገብታ ዜሃቫ ሆና የወጣች ብዙ ናት። የቤተሰብ ስም ግን ባብዛኛው ባማርኛውና በትግርኛው ጸና፤ ምናልባትም የአያቶቻችን ቋንቋ በእስራኤል መዝገብ ላይ በስፋት የቀረው በዚህ ቦታ ነው። ባገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም ነበር፤ እዚህ ብዙዎች የባላቸውን ይወስዳሉ፣ አንዳንዶች ሁለቱን ያጣምራሉ። በ2020 የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ የተወለደች ሚኒስትር የሆነችው ፕኒና ታማኖ ሻታ ሁለቱንም ይዛለች።

የጀርመንኛ ስም ባለቤቶችም ቢሆኑ ስማቸውን እንደ ቅዱስ ነገር አልያዙትም። የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዳዊት ቤን ጉሪዮን ሲወለድ ዳዊት ግሪዩን ነበር፤ «ግሪዩን» በጀርመንኛ አረንጓዴ ነው። ራሱ ለውጦ ሌሎችም በተለይ የጦር አዛዦችና ዲፕሎማቶች እንዲለውጡ ገፋፋ፤ ጎልዳ ሜየርሰንም በ1956 ጎልዳ ሜኢር ሆነች። ዛሬ በእስራኤል ከቤተሰብ ስሞች ሁሉ የሚበዙት ኮሄንና ሌዊ ናቸው፤ ከጀርመንኛው ወገን ከፊት የሚገኘው ፍሪድማን ነው። ከኢትዮጵያ የመጣው ማኅበረሰብ ከ160,000 በላይ ቢሆንም ስሞቹ እጅግ የተበተኑ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አያት ስላስመዘገበ።

ስሙ ያልጣመው ሰው መለወጥ ይችላል። የ1956ቱ የስም ሕግ ለማንኛውም አዋቂ ይህን መብት ሰጥቶታል፤ አንዴ ከለወጠ በኋላ ግን በተለየ ፈቃድ ካልሆነ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ዳግመኛ አይለውጥም። በመዝገብ የተለያዩ ወንድማማቾች አንድ ስም ለመያዝ ይህን መንገድ መጠቀም ይችላሉ፤ ቢያደርጉትም ደግ ነው። በአጠራር ስለተቸገረ ብቻ የአያቱን ስም ጥሎ ሌላ ለመያዝ ለሚያስብ ወጣት ግን፣ ከመፈረሙ በፊት ስሙ የማን እንደነበረ ቤተሰቡን እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

የቤተሰብ ስም አንድ አያት ላይ ቆሞ የቀረ ነው። ቤተ እስራኤል ግን ሰው የሚቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው፤ ዘመድ እንዳይጋባ ሰባቱን ትውልድ በእናትም በአባትም በኩል በቃል የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነበሩን፤ አሁንም ጥቂቶች አሉን። ይህ እውቀት በየትኛውም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃፕኒም) መዝገብ ውስጥ የለም። በሀደራም ሆነ በሌላ ከተማ የምትኖሩ ልጆች፣ አያታችሁ ዛሬ በሕይወት ካሉ ነገ ሳትሉ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ወይም ስልካችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉና የሰባቱን ስም፣ የትውልድ መንደራቸውን፣ የሴቶቹንም ስም ሳትዘሉ አስቆጥሯቸው።