የፊት ሽብሽብ ቅባት ምን ያህል ይሠራል?

በማርች 2007 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያው ቢቢሲ «ሆራይዘን» በተባለው የሳይንስ ዝግጅቱ እርጅናን እንከላከላለን የሚሉ ቅባቶችን ጉዳይ አነሣ። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም ፕሮፌሰር ክሪስ ግሪፊትስ ከገበያው ቅባቶች አንዱ፣ ያውም ከርካሾቹ ወገን የሆነው የቡትስ መድኃኒት ቤቶች ቅባት፣ ቆዳ ላይ የሚለካ ለውጥ ማምጣቱን ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ መደብሮቹን አጥለቀለቃቸው። መደርደሪያው ባዶ ሆነ፣ የዘገየውም ስሙን አስመዝግቦ ተራ መጠበቅ ያዘ።

ግሪፊትስና ባልደረቦቻቸው ነገሩን በዚያ አልተዉትም። ቆዳቸው በፀሐይ የተጎዳ 60 ሰዎች መርጠው ለግማሾቹ ቅባቱን፣ ለግማሾቹ ደግሞ ዋናው ንጥረ ነገር የሌለበትን ተመሳሳይ ቅባት ሰጡ። ማን የትኛውን እንደያዘ ተቀቢውም መርማሪውም አያውቅም። ከ6 ወር በኋላ እውነተኛውን ከተቀቡት 43 በመቶ፣ ባዶውን ከተቀቡት 22 በመቶ ያህሉ ፊታቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ውጤቱ በ2009 ታትሞ ሲወጣ ብዙዎች ነገሩ ተረጋገጠ ብለው ደመደሙ። የስታቲስቲክስ ምሁሩ ማርቲን ብላንድ ግን ቁጥሮቹን መርምረው፣ በ6ኛው ወር የታየው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል መሆኑን ጻፉ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ያ 22 በመቶ ነው። ባዶ ቅባት ከተቀቡት መካከል ከአምስት ሰው አንዱ አማረበት ማለት ነው። የዚህ ዋናው ምክንያት እርጥበት ነው። የደረቀ ቆዳ ውሃ ሲይዝ ወፈር ይላል፣ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይሞላሉ፤ ተመልሶ ሲደርቅ እንደገና ይታያሉ። ግሊሰሪንም፣ ሃያሉሮኒክ አሲድም፣ ተራው ቫዝሊንም ይህን ያደርጋሉ። «ወዲያውኑ የሚታይ ለውጥ» የሚለው ማስታወቂያ አይዋሽም፤ የሚናገረው ግን ስለዚህ እርጥበት ነው። ኮላጅን (ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን) ያለበት ክሬምም ከዚህ አያልፍም። ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ የሚመዝን ሞለኪውል ጤነኛ ቆዳን ማለፍ ይቸግረዋል፣ ኮላጅን ደግሞ 300,000 ገደማ ነው። ግመልን በመርፌ ቀዳዳ እንደማሾለክ ነው።

እንግዲህ በእርግጥ የሚሠራ ቅባት የለም ወይ? አለ። ስሙ ትሬቲኖይን ነው፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን ነው፣ ታሪኩ ግን ደስ አይልም። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1974 ድረስ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን በፊላዴልፊያው ሆልምስበርግ እስር ቤት እስረኞች ላይ ብዙ ዓይነት ሙከራ ሲያካሂዱ ነበር። ከእስረኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ጥቂት ዶላር ይከፈላቸው ነበር እንጂ ምን እንደሚቀቡ በወጉ የነገራቸው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው በ2021፣ ከተማዋ ደግሞ በ2022 ነው፤ ክሊግማን በዚያን ጊዜ ከሞቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዛሬ በየፋርማሲው የምናየው ቱቦ ከዚያ ዘመን ምርምር የወጣ ነው።

ትሬቲኖይን በ1971 የተፈቀደው ለብጉር ነበር። ኋላ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የብጉር ታካሚዎች ፊታቸው መለስለሱን፣ መስመሮቹም መሳሳታቸውን ማውራት ጀመሩ፤ ክሊግማንም በ1986 ይህንኑ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። ቁርጥ ያለው ማስረጃ የመጣው ግን በ1988 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። የጆን ቮርሂስ ቡድን 30 ሰዎችን ለ16 ሳምንት ተከታተለ። እያንዳንዱ ሰው አንዱን ክንዱን መድኃኒቱን፣ ሌላውን ባዶውን ቅባት ይቀባዋል። በመጨረሻው የሠላሳውም መድኃኒት የነካው ክንድ ተሻሽሎ ሲገኝ ሌላው ክንድ እንደነበረ ቀረ። ታዲያ 92 በመቶ የሚሆኑት ቆዳቸው ቀልቶ፣ ተልጦ፣ ተቆጥቶ ነበር። ይህን የመሰለ ነገር በውበት ማስታወቂያ ላይ አይነገርም።

አሠራሩ ከእርጥበት ጋር አይገናኝም። ትሬቲኖይን ወደ ሕዋሱ ኒውክሊየስ ገብቶ ጂኖችን ያዛል። አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ያደርጋል፣ ፀሐይ የምትቀሰቅሳቸውን ኮላጅን የሚበሉ ኢንዛይሞች ደግሞ ይገታል። ለዚህ ሁሉ ወራት ያስፈልጋል። ለውጡም ልክ አለው፤ ቀጫጭኑን መስመር ያሳሳል፣ የቆዳውን መልክ ያስተካክላል፣ ጥልቁን ሽብሽብ ግን አያነሣውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ሬቲኖል የዚሁ ዘመድ ነው። ቆዳ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለውጦ ነው ወደ ሥራ የሚገባው፣ ስለዚህም ይለዝባል። አየርና ብርሃንም ያበላሹታል። ገዥ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ ማሸጊያውን እንዲያይ እነግረዋለሁ፦ በአሉሚኒየም ቱቦ ወይም አየር በማያስገባ ፓምፕ የመጣ ከሆነ አምራቹ የሚሸጠውን ያውቃል። አፈ ሰፊ በሆነ፣ ጣት በሚጠልቅበት በሚያምር ብልቃጥ ከመጣ ግን ሬቲኖሉ ሳያልቅ ኃይሉ ያልቃል።

ሕጉም ለማስታወቂያዎቹ ድብብቆሽ በር ይከፍታል። በአሜሪካ ከ1938 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ የሰውነትን አሠራር እለውጣለሁ ብሎ የሚሸጥ ነገር መድኃኒት ነው፣ መፈተንም አለበት፤ አሳምራለሁ ብቻ የሚል መዋቢያ ግን ያን ፈተና አይጠየቅም። ኩባንያዎቹ «የሽብሽብን ገጽታ ይቀንሳል» የሚሉት ለዚህ ነው። ሽብሽብን ይቀንሳል ካሉ ማስረጃ አምጡ ይባላሉ።

ቦቶክስ የሚባለው መርፌ ደግሞ ከቅባቶቹ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙም አያከራክርም። የቫንኩቨሯ የዓይን ሐኪም ጂን ካራዘርስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓይኗ ያለፈቃዷ የሚጨፈንባትን ታካሚ በዚሁ መርፌ ሲያክሙ በቅንድቦቿ መካከል ያለው መስመር መጥፋቱን አስተዋሉ። ከቆዳ ሐኪሙ ባለቤታቸው ከአላስቴር ጋር ሆነው በ1992 አሳተሙት፤ አሜሪካ በ2002 ለዚሁ ለቅንድብ መካከል መስመር ፈቀደችው። ጡንቻውን ስለሚያዝል በመኮሳተርና በመሳቅ የሚመጣውን መስመር በደንብ ያጠፋል፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ግን ጡንቻው ይነቃል፣ ገንዘቡም እንደገና ይከፈላል። ፀሐይ ያመጣችውን የቆዳ መድከም አይነካውም።

ፀሐይ ደግሞ የነገሩ እናት ናት። በ2012 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር፤ 28 ዓመት ዕቃ ማመላለሻ መኪና ነድቷል። ወደ መስኮቱ የነበረው የግራ ፊቱ ተሰንጥቆ፣ ከብዶ፣ ታጥፎ ተንጠልጥሏል። የቀኙ ከዚያ በብዙ ዓመት የሚያንስ ሰው ፊት ይመስላል። የመኪና መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ያስቀራል እንጂ ጠልቆ የሚገባውን ዩቪኤ አያስቀርም። በአውስትራሊያዋ ናምቦር ከተማ ደግሞ ተመራማሪዎች 903 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለዋል። ገሚሱ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) በየቀኑ እንዲቀባ ታዘዘ፣ ገሚሱ እንደ ወትሮው ደስ ሲለው ይቀባ ተባለ። መለኪያው የእጅ ጀርባ ላይ በሲሊኮን የተወሰደ አሻራ ነበር። በየቀኑ በተቀቡት ላይ የታየው የቆዳ እርጅና በሌሎቹ ላይ ከታየው በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። በዚያው ጥናት የተሰጠው የቤታ ካሮቲን ክኒን ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

ለእኛስ? ያው ክሊግማን የተሳተፉበት የ1979 ጥናት የጥቁር ሰው ቆዳ ከተፈጥሮው ያለውን የፀሐይ መከላከያ ቁጥር (ኤስፒኤፍ) 13.4፣ የነጩን 3.4 አድርጎ ገምቶታል። ሽብሽብ ዘግይቶ የሚመጣብን ለዚህ ነው። እኛ ላይ ፀሐይ የምትታየው ቀድሞ በማድያትና በጠቆረ ነጥብ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፣ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለማድያት የሚሻለው ብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም የገባበት ሰንስክሪን ነው፤ የሚታየውም ብርሃን ማድያትን ያባብሳልና። ትሬቲኖይን የሚጀምር ሰው በደረቀ ፊት ላይ፣ ማታ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ በመጀመሪያ በሦስት ቀን አንዴ ይቀባ። ተቸኩሎ የተቆጣ ጥቁር ቆዳ ሲድን ጠቁሮ ይቀራልና። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች አትንካው።

ከዚሁ መደርደሪያ አጠገብ የሚሸጡትን የስቴሮይድ ቅባቶችም መለየት ያስፈልጋል። ፊት ለማቅላት የሚገዛቸው ብዙ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳውን ጥርት ያደርጉታል። እየቆዩ ግን ያሳሱታል፣ ደም ሥሩን ያወጡታል፣ ስስ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይሸበሸባል። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካለ፣ ሐኪም ለኤግዚማና ለመሰል በሽታ ለጥቂት ጊዜ የሚያዘው ነው።