ስለ ስኳር በሽታና ስለ ሰውነት ዘበኞች

በሰላ ድንጋይ ከተማ ጎረቤቴ የሆነች አንዲት እናት አለች። ዐሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጇ የስኳር በሽታ ስላለበት፥ ሦስት ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ የኢንሱሊን መርፌ ሲወጋ ኖሯል። በቅርቡ ከችሎት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ጠብቃኝ፥ «ጋሼ፤ በውጭ አገር ለስኳር በሽተኛ አዲስ ቆሽት ይተክሉለታል፤ ከዚያ ወዲያ መርፌ አያሻውም ይላሉ። ልጄ ይህን ከሰማ ጀምሮ መርፌው ይቅርብኝ እያለ አስቸገረኝ። እርስዎ መጻሕፍት ይመለከታሉና፥ ነገሩ እውነት እንደሆነ ይንገሩኝ» አለችኝ። ጥያቄዋ የብዙ ወላጆች ጥያቄ መሆኑን ስላሰብሁ፥ የመለስሁላትን ቃል ዘርዘር አድርጌ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላቀርበው ወደድሁ።

አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በሆዳችን ውስጥ፥ ከጨጓራ በስተኋላ፥ ቆሽት የሚባል ብልት አለ። በ1869 ዓመት ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል የጀርመን ተማሪ ቆሽትን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፥ በባሕር መካከል እንዳሉ ደሴቶች ተበታትነው የሚገኙ የሕዋሳት ጉባኤዎች አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ኢንሱሊን የሚመነጨው ከእነዚህ ደሴቶች ነው። ኢንሱሊንም ከምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋችን እንዲገባና ኀይል እንዲሆን መንገድ ይከፍትለታል። እርሱ የጠፋ እንደሆነ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ በሽተኛውም እየበላ ይከሳል፥ እየጠጣ ይጠማል፥ ሽንቱም ይበዛል።

በልጆች ላይ ዘወትር የሚታየውን የስኳር በሽታ የሚያመጣው ከውጭ የገባ ጠላት አይደለም። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት ነጫጭ የደም ሕዋሳት ተሳስተው የገዛ ወገናቸውን ደሴት ስለሚያጠፉ ነው። እንግዲህ ልጁ ጣፋጭ ስለ በላ ወይም ወላጆቹ ስለ በደሉ የመጣ ቅጣት አለመሆኑን ሁሉ ይወቅ።

ከመቶ ዓመት በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ ሳይቈይ ይሞት ነበር። በጥር ወር 1922 ግን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከባልንጀሮቻቸው ጋር ከእንስሳ ቆሽት ያወጡት ኢንሱሊን ለሊዮናርድ ቶምፕሰን፥ ለ14 ዓመት ልጅ፥ ተሰጠው። ለመሞት ተቃርቦ የነበረውም ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ሆኖም ኢንሱሊን የጐደለውን ይተካል እንጂ የጠፉትን ደሴቶች አይመልስም።

የጠፋውን ደሴት በሌላ መተካት የሚለው አሳብ ከኢንሱሊንም ይቀድማል። በ1893 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ አንድ ሐኪም የበግ ቆሽት ቈራርጦ ለ15 ዓመት ልጅ ከቆዳው በታች ተከለለት፤ ልጁ ግን በሦስተኛው ቀን ሞተ። የሰው ሰውነት የሌላ አካል በዝምታ የማይቀበልበትን ምክንያት ሊቃውንት በሚገባ የተረዱት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ምክንያቱን በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ማስረዳት አያስቸግርም። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ የሚሄድ ደብዳቤ ማኅተም ያስፈልገዋል፤ ዘበኛውም ማኅተሙን አይቶ ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል። እንደዚሁ እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ በገጹ ላይ የባለቤቱን ማኅተም ይዞ ይኖራል። የሌላ ሰው ሕዋስ ሲተከል ዘበኞቹ ባዕድ ማኅተም ያዩና ተሰብስበው ያጠፉታል። የስኳር በሽተኛም ዘበኞች በራሱ ደሴት ላይ የቈየ ጠብ አላቸው፤ ስለዚህ የሚተከለው ደሴት ባዕድ ስለ ሆነና ደሴትም ስለ ሆነ በሁለት ወገን ይጠላል።

ይህን ለማሸነፍ የተሞከሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዘበኞቹን በመድኀኒት ማደንዘዝ ነው። በ2000 በካናዳ በኤድመንተን ከተማ ጄምስ ሻፒሮና ባልንጀሮቹ ከሞቱ ሰዎች ቆሽት የወጡ ደሴቶችን በጉበት ደም ሥር በኩል ለሰባት በሽተኞች ሰጥተው፥ ሰባቱም ኢንሱሊን ተዉ። በዚያ መንገድ ከታከሙት ብዙዎቹ ግን ከዓመታት በኋላ ወደ መርፌው ተመለሱ። በ2025 ደግሞ ከግንደ ሕዋስ በቤተ ሙከራ የተሠሩ ደሴቶች በሙሉ መጠን ከተሰጣቸው 12 ሰዎች መካከል ዐሥሩ በዓመቱ ያለ ኢንሱሊን መኖራቸው ተነገረ። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የደነዘዘ ዘበኛ ሌባውንም አይከለክልም። በዚሁ ሙከራ ከተካፈሉት አንዱ የአንጎልን ሽፋን በሚያቈስል የሻጋታ በሽታ ሞቷል። መድኀኒቱም ኵላሊትን ሊጐዳና ለነቀርሳ ሊያጋልጥ ይችላል።

በአገራችንም የዚህን መድኀኒት ነገር የሚያውቁ ቤተ ሰቦች አሉ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 ጀምሮ ከቤተ ዘመድ የተሰጠ ኵላሊት መተከል ተጀምሯል፤ ኵላሊት የተተከለለትም ሰው መድኀኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል። ኵላሊቱ ለሞተበት ሰው ይህ ታላቅ ትርፍ ነው። በኢንሱሊን በደኅና ለሚያድግ ልጅ ግን ዘበኞቹን ዕድሜ ልክ ማደንዘዝ አንዱን ቀንበር አውርዶ የከበደውን መጫን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ይህን ሕክምና በዋናው የሚሰጡት ስኳራቸው ሳይታወቃቸው በድንገት እየወረደ ሕይወታቸውን ለሚያሰጋቸው ዐዋቂዎች ነው።

ሁለተኛው መንገድ ደሴቱን ማጠር ነው። በሰላ ድንጋይ ደጋ በጎች በድንጋይ ካብ ውስጥ ያድራሉ፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ነፋስ ያሳልፋል፥ ጅብን ግን አያስገባም። በ1980 ሊምና ሰን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ከባሕር አረም በተገኘ ለስላሳ ነገር ደሴቶችን ሸፍነው የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች ሆድ ውስጥ አኖሩ። ስኳርና ኢንሱሊን በሽፋኑ ሲያልፉ ዘበኞቹ ማለፍ አልቻሉም፤ የአይጦቹም ስኳር ለጥቂት ሳምንታት ተስተካከለ። በሰው ላይ ግን ነገሩ እንደታሰበው አልሆነም። ሰውነት በአጥሩ ዙሪያ ጠባሳ ያበቅልበታል፤ በውስጥ ያሉትም ሕዋሳት የሚበቃ አየር አጥተው ይሞታሉ። አንድ ትልቅ የመድኀኒት ኩባንያ ደሴቶችን በመያዣ ውስጥ አድርጎ የሞከረውን ሥራ፥ የሚያመነጩት ኢንሱሊን ስላልበቃ፥ በ2025 አቁሞታል።

ሦስተኛው መንገድ ማኅተሙን መለወጥ ነው። በታኅሣሥ ወር 2024 በስዊድን አገር በኡፕሳላ ሆስፒታል፥ ሐኪሞች ዘረ መላቸው የተለወጠ ደሴቶችን በአንድ ሰው የክንድ ጡንቻ ውስጥ ተከሉ። ባዕድነቱን የሚገልጠው ማኅተም ከሕዋሳቱ ተፍቋል። ነገር ግን ማኅተም የሌለውን ሁሉ የሚገድሉ ሌሎች ዘበኞች ስላሉ፥ «አትንኩኝ» የሚል የይለፍ ምልክት ተጨመረላቸው። ሰውየው ምንም የማደንዘዣ መድኀኒት ሳይወስድ፥ ሙሉ በሙሉ የተለወጡት ሕዋሳት ከ12 ሳምንት በኋላ በሕይወት ሆነው ኢንሱሊን ሲያመነጩ ተገኙ። ያልተለወጡት ግን ጠፍተው ነበር። ሆኖም የተተከለው ለመፈተኛ ያህል ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሰውየው ኢንሱሊን መወጋቱን አልተወም።

ከዚህም ሌላ በ2024 በቻይና አገር ከአንዲት ሴት ከገዛ ሕዋሷ የተሠሩ ደሴቶች ተተክለውላት መርፌ መተዋ ተነግሯል። ነገር ግን ይህች ሴት አስቀድሞ በተተከለላት ጉበት ምክንያት የማደንዘዣ መድኀኒት ትወስድ ነበርና፥ ዘበኞቹ ያለ መድኀኒት ቢተዉ የቀድሞውን ጠብ ያነሡ እንደሆነ ከእርሷ ለመረዳት አይቻልም።

እንግዲህ ለጎረቤቴ የመለስሁላት ቃል ይህ ነው። «ወሬው ሐሰት አይደለም፤ መንገዱም ተጀምሯል። ነገር ግን የመንገዱ ፍጻሜ ለልጅሽ ገና አልደረሰም። ያ ቀን ሲደርስ ልጅሽን በሕይወት የሚያቈየው ዛሬ የሚጠላው መርፌ ነው።»

ወላጆች ሆይ፤ ኢንሱሊን ጨርሶ በሌለው ልጅ ላይ መርፌው በተቋረጠ በጥቂት ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቀን፥ ደሙ ይመረዛል። ማስመለስ፥ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ መፍጠን የታየበትን ልጅ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። ልጁ ቢያተኵሰው ወይም ምግብ እንቢ ቢል እንኳ፥ ሐኪም ሳይጠይቁ መርፌውን ማስቀረት አይገባም። ከተወጋ በኋላ ላብ ቢያጠምቀውና ቢንቀጠቀጥ ስኳሩ ወርዷልና፥ ልቡናውን ካልሳተ ስኳር ወይም ማር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው፤ ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳያደርጉ ለሐኪም ማድረስ ነው። መድኀኒቱን ከምድጃና ከፀሐይ ማራቅ ያስፈልጋል፤ እንደኛ ባለ ደጋ አገር ደግሞ ውርጭ እንዳያገኘው መጠንቀቅ ይገባል፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ከቶ አይጠቅምምና።

ጠበል የሚጠመቅ ልጅም መርፌውን ይዞ ይሂድ። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምንና መድኀኒትን እንደሚያከብር በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፍን ሁላችን እናውቃለን። መርፌውን ጣል፥ እኔ እፈውስሃለሁ የሚል ሰው ግን፥ ጠንቋይም ይሁን መድኀኒት ሻጭ፥ ከደጃፋችሁ ይመለስ።

እናቲቱ ቃሌን ሰምታ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም «እርስዎ ራስዎ ንገሩልኝ፤ የእኔን ነገር ለምዶታል» ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ልጁ ሁሉን ካዳመጠ በኋላ «ስንት ዓመት ልጠብቅ?» አለኝ። ቍጥሩን የሚያውቅ ሰው የለምና አላውቅም አልሁት። በዚያች ማታ ግን እጅጌውን ራሱ ሰበሰበ።