መንታ ዲስክና መጠባበቂያ ቅጂ፤ ተረቱና እውነታው

የመረጃ መተንተኛ ሰርቨር በሊኑክስ ላይ ተክሎ፣ ፖስትግሬስን የመሰለ የመረጃ ቋት ጭኖ፣ ሥራውን አስረክቦ የሚሄድ ባለሙያ በርክክቡ ዕለት ከሚናገረው ቃል ሁሉ እንደ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጉዳት ስታደርስ ያየኋት የለችም፤ እርስዋም «ዲስኩ ሁለት ስለ ሆነ አይዞአችሁ፣ መረጃችሁ አይጠፋም» የምትለው ናት። ሰሚው የሥራ ኀላፊ እንጂ የጥበቡ ሰው አይደለምና፣ ሁለት ከአንድ እንደሚበልጥ በማወቁ ብቻ ቃሉን በእምነት ተቀብሎ ይፈርማል፤ ከዚያም በኋላ የጥናቱ፣ የክሊኒኩ ወይም የንግዱ መረጃ ሁሉ ለዓመታት በዚህች ቃል ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል።

ይህን ተረት ጨርሶ ከንቱ ነው ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ዲስክን በዲስክ የመደገፍ ዘዴ ሬይድ በሚለው ስሙ የታወቀው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ሳሉ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሲሆን፣ ፖስትግሬስም ራሱ በ1986 እ.ኤ.አ. በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነውና፣ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሬይድ 1 በሚባለው ሥርዓት የሚጻፈው ሁሉ በሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ ተንታኙም አንዳች ነገር እንደ ደረሰ ሳያውቅ የሞተው ዲስክ ተነሥቶ አዲስ ይተካል። ከስሪት 9.0 ወዲህ፣ ማለት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ፖስትግሬስ የራሱን ለውጥ በየቅጽበቱ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያስተላልፍበት መንገድም አለው፤ ይህ ሬፕሊካ የሚባለው ሁለተኛ ሰርቨር ረጅም የትንተና ጥያቄዎችን ተቀብሎ የዋናውን ሸክም ያቀልለታል። ሁለቱንም እኔ ራሴ እተክላለሁ፣ ሌላውም እንዲተክል እመክራለሁ።

ስሕተቱ የሚጀምረው ሥራ እንዳይቋረጥ የተሰናዳውን ነገር መረጃ እንዳይጠፋም እንደ ተሰናዳ አድርጎ ከመቁጠር ነው። መንታው ዲስክ የታሰበው ለዲስክ ሞት ነው፤ ለሰው እጅ ስሕተት አልታሰበም፤ ጻፍ ሲባል በሁለት ቦታ ይጽፋል፣ ደምስስ ሲባልም ጽድቁን ከኃጢአቱ ሳይለይ በሁለት ቦታ ይደመስሳል። ቁም ጸሐፊ እናት መጽሐፉ በተፋቀ ቁጥር እርሱም የራሱን ብራና የሚፍቅ ቢሆን ኖሮ፣ ከጥንት ከተጻፈው መጽሐፍ አንድም ወደ እኛ ባልደረሰ ነበር፤ ቅጂው የጠቀመው እናቲቱን መከተሉን በአንድ ወቅት ስላቆመ ነው።

ነገሩን በቅርብ ላሳይ። ስሙን በማላነሣው በአንድ የጥናት ድርጅት ዘንድ የቤተሰብ ጥናት መልሶችን የያዘ ትልቅ ሠንጠረዥ ነበር። አንድ ወጣት ተንታኝ ከአንድ ወረዳ ሁለት ጊዜ የገቡ ረድፎችን ለማስወገድ ብሎ የመሰረዣውን ትእዛዝ በሁለት መስመር ጻፈ፤ በላይኛው መስመር ከዚህ ሠንጠረዥ ሰርዝ የሚለውን፣ በታችኛው ደግሞ የወረዳውን መለያ ቁጥር የሚጠቅሰውን ገደብ። ከዚያም በማውዝ ጎትቶ መርጦ ሲያስኬድ የተመረጠለት የላይኛው መስመር ብቻ ሆነ። ፖስትግሬስ በዚህ ጊዜ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ገደብ የሌለውን ትእዛዝ እንደ ሙሉ ፈቃድ ቆጥሮ ሠንጠረዡን ባዶ ያደርግና የተሰረዙትን ረድፎች ብዛት በቁጥር ይነግራል፤ ቀድሞ ቤጊን በሚለው ቃል ትራንዛክሽን ላልከፈተ ሰው ደግሞ ሥራው እዚያው ይጸናል፣ ከዚያ ወዲያ ሮልባክ ቢልም የሚመልስለት የለም። ሁለቱ ዲስኮች በዚያች ሰዓት አረንጓዴ መብራታቸውን እያበሩ ነበር፤ እነርሱ ምንም አልሆኑምና። ሬፕሊካውም እንደ ታማኝ ሎሌ ትእዛዙን ወዲያውኑ ተቀብሎ ፈጽሞታል። ኀላፊው «የትኛውን ዲስክ ብናወጣ ነው የትናንቱን የምናገኘው?» ብለው ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በእርሳቸው አልፈርድም፣ በርክክቡ ሰነድ ላይ «ባክአፕ፦ ሬይድ 1» ብሎ ጽፎ ማኅተም ያስመታው ሌላ ሰው ነውና። በወረቀት የተሞላው ቅጽ እንደ ገና ተተየበ፤ በታብሌት ብቻ ተሰብስቦ ከታብሌቱም የተደመሰሰው ግን አልተገኘም።

እጅ ባይሳሳት እንኳ ሁለቱ ዲስኮች የሚኖሩት በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ የመብራት መስመር ላይ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ መብራቱ ሲዋዥቅ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ወይም ሌባ ሣጥኑን ተሸክሞ ሲሄድ አንዱን ለይቶ የሚተውለት የለም።

እንግዲህ መጠባበቂያ ቅጂ ሊባል የሚገባው ባለፈ ሰዓት የተወሰደ፣ የዛሬው ትእዛዝ የማይደርስበት፣ በሌላ ቤት የተቀመጠ ነገር ነው። ለዚህ ቀላሉ መሣሪያ ፒጂ-ደምፕ ሲሆን፣ ቋቱ በአንዲት ቅጽበት የነበረበትን መልክ በፋይል አድርጎ ያወጣል። ጠለቅ ያለው መንገድ ደግሞ ከ8.0 ስሪት ጀምሮ፣ ማለት ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ነው፤ ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ አስቀድሞ በየ16 ሜጋባይቱ በተከፈለ የለውጥ መዝገብ ላይ ስለሚያሰፍር፣ አንድ ጊዜ የተወሰደ ሙሉ ቅጂና ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው መዝገብ በእጁ ያለ ሰው መዝገቡን እንደ ገና እያስኬደ በፈለገው ደቂቃ ላይ ሊያቆመው ይችላል። ወጣቱ ትእዛዙን ያስኬደው በ9 ሰዓት ከ20 ቢሆን ቋቱን በ9 ሰዓት ከ19 እንደ ነበረ መመለስ ማለት ነው።

ነገር ግን ተረቱ ሁለተኛ ፊት አለው፤ እርሱም ከፊተኛው የበለጠ አታላይ ነው፤ «ባክአፕ በየሌሊቱ ይወሰዳል» ይላልና። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ በተባለው ታላቅ የሶፍትዌር ማኅበር ውስጥ፣ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር የሚሄደው ቅጂ ተቋርጦ ሲያስቸግረው የቆየ አንድ መሐንዲስ የሁለተኛውን ማኅደር የሚያጠፋ መስሎት የዋናውን አጠፋ፤ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ ቢያቆመውም፣ 300 ጊጋባይት ከሚያህለው መረጃ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነበር። ወደ መጠባበቂያዎቹ ዞሩ። በየዕለቱ ይሠራል የተባለው ፒጂ-ደምፕ 9.2 ሲሆን ቋቱ 9.6 ነበርና፣ አሮጌው መሣሪያ አዲሱን ቋት መገልበጥ እንቢ እያለ ይወጣ ነበር፤ አልተሳካም የሚለው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል ውድቅ ስለሚሆን ወሬውን የሰማ አልነበረም፤ ማከማቻውም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ካሰናዱአቸው አምስት መንገዶች አንዱም እንደሚገባ እንዳልሠራ ራሳቸው ጽፈዋል። ያተረፋቸው ያው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ያነሣው ቅጂ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጠፋ። ስማቸውን ያነሣሁት ለነቀፋ አይደለም፤ ሌላው የሚሸፍነውን እነርሱ ዘርዝረው በማተማቸው ለሙያው ታላቅ ትምህርት ትተዋል።

እንዲህ ያለው ነገር በትልቅ ማኅበር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል፣ በብዙ ሰርቨር ላይ የሚገኘውን፣ ክሮን በተባለው የጊዜ ቀጣሪ በየሌሊቱ የሚነሣውን ስክሪፕት እንመልከት። ፒጂ-ደምፕ ያወጣውን በቀጥታ ወደ ጂዚፕ እያሻገረ፣ ጂዚፕም ጨምቆ ወደ ፋይል ይጽፋል። አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ ተለውጦ ፒጂ-ደምፕ ከበር ቢመለስ፣ ጂዚፕ የሚጨምቀው ነገር ባያገኝም የራሱን ሥራ በሰላም ፈጽሞ ይወጣል፤ ሼሉም የመጨረሻውን ሠራተኛ ምስክርነት ብቻ ስለሚቀበል ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ያልፋል፤ ፋይሉም ቀኑን በስሙ ላይ ተሸክሞ ከወንድሞቹ ጎን ይሰለፋል። መጠኑን ላየ ሰው ግን 20 ባይት ነው፤ ባዶ ሆኖ የተጨመቀ የጂዚፕ ፋይል መጠኑ ይህ ነውና። በስክሪፕቱ ራስ ላይ ፓይፕፌይል የሚለውን የባሽ ደንብ መጻፍ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፤ የቀሩትን ቀዳዳዎች ገልጦ የሚያሳይ ግን ቅጂውን በሌላ ባዶ ሰርቨር ላይ መልሶ ጭኖ ከማየት በቀር ሌላ ዘዴ የለም።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ሳይደነግጥ አይቀርም። ፒጂ-ደምፕ አንዱን ቋት ይወስዳል እንጂ የተጠቃሚዎቹን መለያና የይለፍ ቃል አይወስድምና፣ መልሶ ሲጭን እገሌ የሚባል ሮል የለም የሚል ስሞታ በተርታ ይወርድበታል፤ ለእነርሱ ፒጂ-ደምፕኦል በተባለው መሣሪያ ለብቻ ማውጣት ያስፈልጋል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ኢቲሲ በሚባለው ማኅደር ሥር የሚቀመጡት የማዋቀሪያ ፋይሎችም በቅጂው ውስጥ የሉም። በአንጻሩ ያለ ፋይዳ የሚቀዳም አለ፤ የኢትዮጵያን ጤና ሚኒስቴር ጨምሮ በብዙ አገር የሚሠራበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ለትንተና የሚያሰናዳቸው ሠንጠረዦች ከጥሬው መረጃ እንደ ገና ሊሠሩ የሚችሉ ስለ ሆኑ ከቅጂው ቢቀሩ ጉዳት የለውም፤ ፋይሉም እጅግ ይቀልላል። ይህ ቅጂን መልሶ የመጫን ሙከራ በየስንት ጊዜው ይደረግ ለሚለው ለሁሉ የሚሆን ቀኖና ያለ አይመስለኝም፤ እኔ በየወሩ እላለሁ፣ በየሩብ ዓመቱ የሚያደርገውን ግን አልነቅፍም። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞክር ባክአፕ አለን ብሎ ለአለቃው ሪፖርት የሚጽፈውን ግን መታገሥ አልችልም።

የቀሩት ተረቶች ይህን ያህል ሐተታ አይገባቸውም። ሊኑክስ ስለ ሆነ አይጠቃም የሚሉ አሉ። ፖስትግሬስ ሲጫን የሚሰማው የራሱን ሰርቨር ብቻ ነው፤ ከውጭ አልገናኝ ያለው ሰው ግን ታክቶት አድራሻውን ለዓለም ሁሉ ከፍቶ፣ በፈቃድ ፋይሉ ላይም ከየትም ለሚመጣ ትረስት ብሎ ይጽፋል፤ ይህም ያለ ይለፍ ቃል ግባ ማለት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሞንጎዲቢ በተባለው ቋት የሚሠሩ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች በዚሁ ዓይነት ክፍት ሆነው ስለ ተገኙ፣ መረጃቸው ተደምስሶ በቦታው ቤዛ የሚጠይቅ መልእክት ተትቶላቸዋል።

ሚሞሪውን ሁሉ ለቋቱ ስጠው የሚለውም እንዲሁ ነው። ፖስትግሬስ ሲጫን ለጋራ ማከማቻው የሚይዘው 128 ሜጋባይት ለትንተና ሥራ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ወደ አንድ አራተኛው የሚሞሪ መጠን ማሳደግ የተለመደ ምክር ነው። ወርክ-ሜም የሚባለው ግን ለአንዱ ግንኙነት፣ ያውም ለአንዱ የመደርደር ሥራ የሚፈቀድ መሆኑን ሳያስተውሉ 256 ሜጋባይት የሚሉት ሰዎች፣ 100 ግንኙነት በአንድነት ሲመጣ ከ25 ጊጋባይት በላይ እንደሚጠየቁ አላሰሉም፤ 16 ጊጋባይት ባለው ሰርቨር ላይ የዚህ ፍጻሜ ሊኑክስ ራሱ አንዱን ሂደት መግደሉና ቋቱ ሁሉንም ተጠቃሚ አስወጥቶ እንደ ገና መነሣቱ ነው።

ለፍጥነት ኤፍሲንክን አጥፋው የሚለውን ምክር መብራት በሚጠፋበት አገር የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም። የተጻፈው ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚሄድ ቋት ኀይል ሲቋረጥበት የመጨረሻውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቁመናውን ሊያጣ ይችላል። ፍጥነት የግድ ካስፈለገ ሲንክሮነስ-ኮሚት የሚባለውን ማጥፋት ይሻላል፤ እርሱ የመጨረሻዎቹን ቅጽበቶች ሥራ ቢያሳጣም ቋቱን አያበላሽም።

ፖስትግሬስ አማርኛ አይችልም የሚለው ደግሞ ያስቃል። ቋቱ የቋንቋ ደንቡ ባልተሰናዳ ሰርቨር ላይ ሲፈጠር ኤስኪውኤል-አስኪ በሚባለው ሥርዓት ይፈጠራል፤ በዚያም ቋት ሰላም የሚለው ቃል ርዝመቱ ስንት ነው ቢባል 9 ብሎ ይመልሳል፣ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 በሦስት በሦስት ባይት ስለሚጻፍ ባይቱን ይቆጥራልና። በዩቲኤፍ-8 የተፈጠረ ቋት ግን 3 ይላል። ይህ በፍጥረቱ ጊዜ የሚወሰን ነው፤ በኋላ ለመለወጥ መረጃውን አውጥቶ አዲስ ቋት ውስጥ መክተት ግድ ይሆናል።

ከዚሁ ወገን የሆነ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማሻሻል ቋቱን አይነካም ይባላል፤ ሆኖም ቋቱ ጽሑፍን የሚደረድረው አብዛኛውን ጊዜ ጂሊብሲ በተባለው የሊኑክስ ቤተ መጻሕፍት ደንብ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት 2.28 ይህን የአደራደር ደንብ ስለ ለወጠ፣ ከኡቡንቱ 18.04 ወደ 20.04 በተሻገሩ ሰርቨሮች ላይ በአሮጌው ተራ የተሠሩት ኢንዴክሶች ከአዲሱ ደንብ ጋር ተጣሉ፤ ቋቱም በሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን ስም የለም ማለት፣ አይደገም የተባለውንም ሁለት ጊዜ መቀበል ጀመረ። እንዲህ ካለው ማሻሻል በኋላ የጽሑፍ ዐምዶችን ኢንዴክስ ሪኢንዴክስ በሚለው ትእዛዝ እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል፤ በትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ለቅዳሜ ሌሊት ቢቀጠር ይሻላል።