የማያመው የዓይን ቁስል፦ የስኳር በሽታና ኮርኒያ

የስኳር በሽታ ዓይንን ይጎዳል ሲባል በቅድሚያ የሚነሣው ሬቲና ነው። በሬቲና የደም ሥሮች መበላሸት ብርሃናቸውን የሚያጡ ሕሙማን ብዙ ናቸውና ይህ ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ብዙም ወደማይነገርለት የዓይን የፊት ሽፋን፣ ወደ ኮርኒያ እንመለሳለን።

ኮርኒያ የዓይንን ጥቁር ክፍል እንደ መስታወት የሚሸፍን፣ መሐሉ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስስ አካል ነው። የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅንን በእንባ በኩል ከአየር፣ ግሉኮስን ደግሞ ከበስተጀርባው ካለው ፈሳሽ ያገኛል። በነርቭ ግን እጅግ የበለጸገ ነው። ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች ጉድፍ እንኳ ዕረፍት የምትነሣን ለዚህ ነው።

በሽታው የሚያጠቃውም ይህንኑ ሀብት ነው። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ከትርፉ ግሉኮስ ከፊሉ አልዶዝ ሪዳክቴዝ በተባለ ኢንዛይም ወደ ሶርቢቶል ይለወጣል፤ ከፊሉም ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። በእነዚህና በሌሎች ተያያዥ ምክንያቶች ቀጫጭኖቹ ነርቮች እየሳሱ ይሄዳሉ። የሕሙማንን እግር የሚያደነዝዘው የነርቭ ጉዳት በዓይን ላይም ይደርሳል ማለት ነው።

ነርቮቹ ደግሞ ሥራቸው ሕመምን ማስተላለፍ ብቻ አይደለም። እንባ እንዲመነጭና ቆብ እንዲርገበገብ ያደርጋሉ፤ የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት የሚታደሱባቸውን ንጥረ ነገሮችም ያመነጫሉ። ሲዳከሙ ዓይን ይደርቃል፤ በጤናማ ሰው በጥቂት ቀናት የሚሽር ጭረትም ይዘገያል። አዲሱ ሽፋን ከሥሩ ካለው መሠረት ጋር አጥብቆ ስለማይያያዝ ተመልሶ ሊላጥ ይችላል። ክፍቱ ቁስል ለባክቴሪያና ለፈንገስ መግቢያ ይሆናል፤ የሚተወው ጠባሳም ብርሃን ይጋርዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ሕመሙ ስለደበዘዘ ሕመምተኛው ሕክምና ለመሻት መዘግየቱ ነው። እዚህ ላይ «አያመኝም» ማለት የጤንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

ይኸው ጉዳት ግን ለሳይንስ ያልታሰበ መስኮት ከፍቷል፤ እኛንም እጅግ ያስደነቀን ይህ ነው። ኮርኒያ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነርቮቹን ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ተመራማሪዎችም የነርቮቹን ብዛትና ርዝመት እየለኩ በሌላው አካል ላይ የሚደርሰውን የነርቭ ጉዳት ቀድመው ለመለየት ይጠቀሙበታል።

የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነ፣ ዓይኑ ሲቀላ ወይም ሲደበዝዝ ሕመም እስኪሰማው መጠበቅ የለበትም። ምርመራው ቀላል ነው፦ ሐኪሙ ፍሎረሰይን የተባለውን ቀለም ዓይን ላይ ጠብ አድርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲመለከት፣ የተላጠው ስፍራ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።