የካርቶኑ ዋትና የሳሎኑ ድምፅ

በሮቤና በጎባ ስንዴው በኮምባይነር ታጭዶ ከተሸጠ በኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ የሚል ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ዋቱን ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «2000 ዋት» ተጽፏል፤ ከሥሩ በደቃቃ ፊደል «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.»። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ አምፕሊፋየሩ ሲጮህ የእንጀራ ምጣድ ከሚፈጀው ከግማሽ በላይ ይፈጅ ነበር። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ወፍራም ገመድ የሚፈልገውም ለዚህ ነው። የአምፕሊፋየሩን ገመድ አይቶ መፍረድ ነው።

ዕቃውን ዞር አድርገው ጀርባውን ይመልከቱ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ይህ ከመስመሩ የሚስበው ነው። ከገባው በላይ አይወጣም፤ ክላስ ኤቢ በሚባለው በተለመደው ዓይነት እንዲያውም ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ክላስ ዲ አብዛኛውን ለስፒከሩ ያደርሳል። የጀርባው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው በመካከለኛ ድምፅ ስለሆነ ለአፍታ ከዚያ ከፍ ማለቱ አይካድም። 2000 መድረስ ግን ዘበት ነው። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የቅጽበት ጫፍ ነው ይባል እንጂ ሁሉም የተስማማበት አለካክ የለውም፤ እኔ ከማስታወቂያ ለይቼ አላየውም።

ይህ ግነት የእኛ አገር ሱቅ ብቻ ጣጣ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የቤት አምፕሊፋየር ዋት የሚያስተዋውቅ ሁሉ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል፣ በስንት ኦምና በምን ያህል የድምፅ መዛባት እንደለካው ጭምር እንዲናገር አስገድዷል። ሻጩንም እነዚሁን ይጠይቁ፦ በአር.ኤም.ኤስ.፣ ማለትም ሳያቋርጥ፣ የሚሰጠው ስንት ነው? በስንት ኦም? በ8 ኦምና በ1 በመቶ መዛባት የተለካ 50 ዋት፣ በ4 ኦምና በ10 በመቶ ከተለካ 80 ዋት ሊበልጥ ይችላል።

ጆሯችን ደግሞ ዋት አይቆጥርም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከድምፁ ልዩነት ይልቅ ጎልቶ ይሰማል። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 91 ዲሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ50 ዋት፣ 88 የሚሰጠው በ100 ዋት የሚያወጣውን ያወጣል። ለአንድ ሳሎን እውነተኛ 20 ወይም 30 ዋት ከጥሩ ስፒከር ጋር ይበቃል። ለሠርግ ድንኳን ከሆነ ሞንታርቦ መከራየት ይሻላል።

ባሌ ደጋ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሮቤ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ ጎባ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ስፒከር በያው ኃይል 2 ዲሲቤል ገደማ ያንሳል። ይህ ብዙም አያስከፋም። የሚያሳስበው ቀጭን አየር ሙቀትን በደንብ አለመውሰዱ ነው፤ አየሩ ብርድ ቢሆንም በቡፌ ውስጥ የተዘጋ ወይም ኪሮሽ የለበሰ አምፕሊፋየር ይግላል። ብዙ ዕቃዎች የሚፈተሹትም ለ2,000 ሜትር ከፍታ ነው።

ከዚያ ማታ፣ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ፣ መብራቱ ይዳከማል። 220 የነበረው ቮልት 180 ሲሆን፣ ተራ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ከሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል ሲሶ ያህሉን ያጣል። ባለቤቱ ድምፁን ለማካካስ እስከ ጥግ ያዞረዋል፤ ያኔ ሞገዱ ጫፉ ተቆርጦ ይወጣና ትንሿን ስፒከር፣ ትዊተሯን፣ ያቃጥላል። ስታቢላይዘር ሲገዙም የሚቆጠረው የጀርባው ዋት ነው፤ ከዚያ ሰፋ ያለ ይምረጡ።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን በፍላሽ ይያዙ። ሻጩ ቤዙን ከፍ አድርጎ ከጀመረ ወደ ዜሮ ያስመልሱት፤ ከዚያ የዘፋኙ ድምፅ መሻከር እስኪጀምር ድረስ ያስከፍቱ።