ባዶው ክፍል ለምን ይጮኻል?

አንድ ተማሪያችን በአንድ ወቅት ወደ ቢሯችን መጥቶ እንቅልፍ እንዳጣ አጫወተን። ነገሩ የጀመረው በመጽሔት ላይ ያየው የአንድ ጃፓናዊ መኝታ ክፍል ፎቶግራፍ ልቡን ከማረከው በኋላ ነበር። ባዶ ሊባል ጥቂት የቀረው፣ ንጹሕና የተረጋጋ ክፍል ነበር። ተማሪያችንም ይህንኑ እርጋታ ፈልጎ፣ ከተከራየው ባለ 3 በ4 ሜትር ክፍል ምንጣፉን፣ ወፍራሙን መጋረጃና አሮጌውን ሶፋ አወጣ፤ ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀባ፤ አልጋና ወንበር ብቻ አስቀረ። ክፍሉ ለዓይን አማረ፤ ለጆሮ ግን አስቸጋሪ ሆነ። የጎረቤት በር ሲዘጋ፣ ውሻ ሲጮኽ፣ የገዛ እርምጃው ሳይቀር ያስተጋባበት ጀመር። «ዕቃ በቀነስሁ ቁጥር ጩኸቱ የጨመረው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን።

ይህን ጥያቄ በሚገባ የመለሰው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሴባይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በዩኒቨርሲቲው አዲስ የተከፈተ አንድ የመማሪያ አዳራሽ የተናጋሪው ቃል እርስ በርሱ እየተደበላለቀ አልደመጥ አለ። መፍትሔ እንዲፈልግ የታዘዘው ወጣቱ ሴባይን ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ የኦርጋን ቧንቧና የሰዓት መቁጠሪያ ይዞ ይሠራ ነበር። ቧንቧው ከቆመ በኋላ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ 5.5 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። ከአቅራቢያው ቴአትር ቤት የወንበር ትራሶችን እያስመጣ ሲደረድር ግን ጊዜው እያጠረ መጣ። ከዚህም ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አገኘ። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ወስደን በ0.161 እናባዛለን፤ ውጤቱን በክፍሉ ጠቅላላ ድምፅን የመምጠጥ አቅም ስናካፍለው የማስተጋባቱን ጊዜ በሴኮንድ እናገኛለን።

ሕጉን በተማሪያችን ክፍል እንፈትነው። ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን ይዘቱ 36 ሜትር ኩብ ነው፤ የወለሉ፣ የጣሪያውና የግድግዳው ስፋት በድምሩ 66 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሲሚንቶና ልስን ከሚደርስባቸው ድምፅ የሚመጡት ከመቶ 3 ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን መልሰው ይወረውሩታል። ስለዚህ ፈጽሞ ባዶ የሆነው ክፍል የመምጠጥ አቅሙ 2 ካሬ ሜትር ገደማ፣ የማስተጋባት ጊዜውም ወደ 3 ሴኮንድ የሚጠጋ ነው። አልጋው ከነፍራሹና ከነብርድ ልብሱ 2 ካሬ ሜትር ቢጨምር ጊዜው ወደ 1.4 ሴኮንድ ይወርዳል። ምንጣፉና መጋረጃው ተጨማሪ 4 ቢሰጡን 0.7 ላይ እንደርሳለን። ተማሪያችን የጣለው እንግዲህ ክፍሉን ጸጥ ያሰኙ የነበሩትን ዕቃዎች ነው።

ጨርቅ ድምፅን የሚያጠፋው በሰበቃ ነው። ድምፅ የአየር ርግብግቢት ስለሆነ አየሩ በክሮቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲል ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከግድግዳው ጋር በተጣበቀበት ቦታ ግን አየሩ መንቀሳቀሻ የለውም። እንቅስቃሴው የሚበረታው ከግድግዳው በሞገዱ ርዝመት ሩብ ያህል ሲርቅ ነው። በሴኮንድ 1000 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 34 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ሩቡ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ጋቢ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚያስብ ሰው አንድ ጋት ያህል ፈቀቅ ቢያደርገው ይበልጥ ይጠቀማል። (ከውጭ የሚገባውን ጩኸት ግን ጋቢ አይከለክልም፤ ለዚያ የግድግዳው ክብደትና በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ነው ወሳኙ።)

ነጩን ቀለም በተመለከተ ተማሪያችን አልተሳሳተም። ነጭ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል፤ የተንጸባረቀውም ተመልሶ ይንጸባረቃል። ሁሉም ገጽ እንዲህ ቢሆን ድምሩ የመጀመሪያውን ብርሃን 5 እጥፍ ያደርገዋል፤ ከመቶ 30 ብቻ በሚመልስ ጥቁር ግድግዳ ግን 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። በነጭ ክፍል ውስጥ ስለዚህ ትንሽ አምፖል ይበቃል። እርሱ ግን የድሮውን ትልቅ አምፖል አልቀየረም ነበር፤ ያውም ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን።

እ.ኤ.አ. በ2002 በብራውን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ በርሰንና ባልደረቦቹ በዓይናችን ሬቲና ውስጥ ራሳቸው ብርሃን የሚሰማቸው፣ ዋና ተግባራቸው ግን ምስልን ማየት ያልሆነ የነርቭ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ። እነዚህ ሕዋሳት ለ480 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ለሰማያዊ ብርሃን፣ ይበልጥ ንቁ ናቸው፤ «ገና ቀን ነው» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚልኩትም እነርሱ ናቸው። መልእክቱ ሲደርስ የሌሊቱ ሆርሞን ሜላቶኒን ይቀንሳል። ነጭ ኤል ኢ ዲ አምፖል ደግሞ በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን አመንጪ ሆኖ ከላዩ ብጫ ብርሃን በሚሰጥ ንጥረ ነገር የተቀባ ነው። አምፖል ስትገዙ በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ለመኝታ ክፍል 2700 ኬልቪን የተጻፈበት ከ6500ው ይመረጣል። ነጋዴው «ቀዝቃዛ» የሚለው ብርሃን በፊዚክስ መለኪያ ሞቃቱ መሆኑ ብዙ ተማሪ ያደናግራል፤ እኛንም በተማሪነታችን አደናግሮናል።

ከሁሉ ያስደነገጠን ግን በመጨረሻ የነገረን ነው። መጋረጃው ከተነሣ ወዲህ ክፍሉ ስለሚበርደው ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ያስገባ ነበር። ብርዱ እውነት ነው፤ ሰውነታችን በጨረራ መልክ ሙቀቱን ለቀዝቃዛው መስታወት ይሰጣል፤ መጋረጃውም ይህን ይጋርድ ነበር። ከሰሉ ግን መድኃኒቱ አይደለም። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» የሚለው መጽናኛ ወጥመድ ነው፤ በፍሙ ውስጥ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ካርቦን መካከል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣልና። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ወደ ታች አይዘቅጥም፤ ከፍ ያለ አልጋ ላይ መተኛትም አያድንም። ምልክቱ ራስ ምታትና ድብታ ነው፤ ለእንቅልፍ የተዘጋጀ ሰው ድብታውን እንደ መልካም ነገር ይቀበለዋል። ከመኝታ ክፍል ሊወጣ የሚገባው የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ምድጃ ነበር።

ተማሪያችን በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ምድጃው ወጥቷል፤ መጋረጃው ተሰቅሏል፤ ምንጣፉም ወደ ቦታው ተመልሷል። ክፍሉ መሐል ቆሞ እያጨበጨበ የማስተጋባቱን ጊዜ በስልኩ ቆጣሪ ለመለካት ሞክሮ፣ ድምፁ ከጣቱ ቀድሞ ስለሚጠፋ እንዳልቻለ ነገረን። ሶፋው ግን አልተመለሰም፤ ቀድሞ ሸጦት ነበር።