አካል ጉዳተኛ መንገደኛን ስለ መቀበል

መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፤ አገርን ማወቅ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ሄዶ ማየት፥ ቀርቦ መስማት፥ በእጅም መዳሰስ ያስፈልጋል። ይህም ፍላጎት እግሩ ለጸና ወይም ዓይኑ ለበራ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ጀምስ ሆልማን የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን በ25 ዓመቱ ዓይነ ስውር ሆነ፤ ነገር ግን በቤቱ አልተቀመጠም። በትሩን መሬት ላይ እየመታ፥ የሚመለሰውን ድምፅ በማዳመጥ መንገዱን እየለየ፥ ከ1827 እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ዓለምን ዞረ፤ ያገኘውንም በመጽሐፍ ጻፈ።

እንደዚህ ያለ መንገደኛ ወደ አዋሽ ሸለቆ ቢመጣ የሚጎበኘው አያጣም። የአዋሽ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በአዋሽ ከተማ አጠገብ ባለው ብሔራዊ ፓርክ፥ መራመድ የማይችለው ከመኪናው ሳይወርድ ሳላን ለማየት ይችላል፤ ዓይነ ስውሩም የፏፏቴውን ድምፅ ይሰማል። ከዚያም መንገዱ ወደ ሰመራ፥ ከሰመራም በአሳይታ በኩል ወደ አፋምቦ ያደርሰዋል።

እንግዲህ የሚያግደው ምንድን ነው? ደረጃ፥ ጠባብ በር፥ የማይገባበት መጸዳጃ ቤት፥ የቆላውም ሙቀት ነው። የጀርባው አከርካሪ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነቱ እንደሚገባ ስለማያልበው፥ ሙቀት ፈጥኖ ይጎዳዋል። በፀሐይ የዋለ የተሽከርካሪ ወንበር ብረትም እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ጉዞው በማለዳ ወይም ወደ ማታ እንዲሆን፥ ጥላና ውኃም አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሚያግደው እውነተኛ ወሬ ማጣት ነው። ለዚህም መድኃኒቱ በአፋር አገር አስቀድሞ አለ፤ ይኸውም ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ግጦሹ፥ ስለ ሰላሙ አንዱ ለሌላው ሳይነግር አይተላለፉም፤ ሐሰት የሚያወራም ያፍራል። ለአካል ጉዳተኛው እንግዳ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ዳጉ ነው። «መንገዱ ደኅና ነው» ማለት አይበቃውም፤ ደረጃው ስንት ነው? በሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሰፋል? መሬቱ አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ? መኪና እስከ የት ይደርሳል? ይህን በትክክል የነገሩት እንደ ሆነ መሄዱንና መቅረቱን ራሱ ይቈርጣል።

ለመርዳት የሚፈልግም ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ሳይጠይቁ ወንበሩን መግፋት ወይም ሰውየውን ማንሣት ነውር ነው፤ ሊጥለውም ይችላል። ዓይነ ስውሩን ከመጐተት ይልቅ ክንድን መስጠት ይሻላል። መስማት የተሳነውን ፊት ለፊት ሆኖ ማነጋገር ይገባል፤ የሚያነብ ከሆነም መጻፍ ይጠቅማል። ጥያቄውንም ለራሱ ለእንግዳው እንጂ ለተከታዩ አታቅርቡ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ቤት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ30ኛው አንቀጹ ቤተ መዘክርን፥ ሐውልትንና የጉብኝት ስፍራን የመጐብኘት መብታቸውን ያውቃል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 120 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ቢበጅ፥ ወንበሩ ያለ ብዙ ድካም ይወጣል።

በመጨረሻም አንድ ነገር አስተውሉ። እንግዳው ሦስት ቀን ሰንብቶ ይሄዳል፤ የተበጀው ተዳፋት ግን በስፍራው ይቀራል። በመንደራችሁ እግሩ ስለማይሄድ፥ ወይም ዓይኑ ስለማያይ ከቤት የዋለ ልጅ ይኖር እንደ ሆነ ጠይቁ። ለእንግዳ ያዘጋጀነውን ለእርሱ ከነፈግነው፥ እንግዳ መቀበላችን ለታይታ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መምህር ሆይ፥ በትምህርት ቤትህ ደጃፍ ያለውን ደረጃ ዛሬ ቍጠር፤ ሽማግሌ ሆይ፥ የልጁን ወላጆች ሄደህ አነጋግር።